ሳይቃጠል በቅጠል፤ ቤት ሲሠራም

ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን ከምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ መምህርትና የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለ ጠየቁን አንጠቅሰውም። ጥያቄያቸው ግን የብዙዎቻችን ጥያቄ ሊሆን ስለሚገባው ከሌሎች ደብዳቤዎች አስቀድመን ልናነሣው ወደድን።

እኚህ እኅታችን ለዓመታት ሲጥሉት የኖሩት ዕቁብ ደርሷቸው ቤት በመሥራት ላይ ናቸው። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተመቷል፤ የቀረው የውስጡ ሥራ ነው። ባለቤታቸው በተረፈው ገንዘብ ሳሎኑ ሴራሚክ ይነጠፍበት ይላሉ። በዚህ መካከል በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የምትኖር እኅታቸው ስልክ ደውላ፣ «እዚህ አዲስ ቤት ሲሠራ ኮርኒሱ ላይ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ ካልተገጠመለት አይፈቀድም» ብላ አጫወተቻቸው። እርሳቸውም፣ «ለመጠጥ በወረፋ የምንጠብቀውን ውሃ ለእሳት ብለን ጣራ ላይ ልንሰቅለው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ምክንያቱን በደብዳቤያቸው እንዲህ ይገልጹታል። በበጋው ወራት በሰፈራቸው አንድ ቤት ተቃጥሎ ነበር። እናትየዋ የአራት ዓመት ልጇን አስተኝታ፣ «ሳትነቃ እመለሳለሁ» በማለት በሩን ከውጭ ቆልፋ ገበያ ወርዳለች። ጎረቤት ጭሱን አይቶ ሲሮጥ በሩ ተቆልፏል፤ መስኮቱ ሌባ እንዳይገባ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። በሩ በመጥረቢያ ተሰብሮ ሲከፈት ሕፃኗ በጭሱ ታፍና ሞታ ተገኘች። «እናትየዋ ስትመጣ ቁልፉ በመቀነቷ እንደ ተቋጠረ ነበር» ይላሉ መምህርቷ። «ለቀብር የሄድን እናቶች እርስ በርስ ተያይተን ዝም አልን። ሁላችንም ቆልፈን እንወጣለንና። ታዲያ አሁን አዲስ ቤት ስሠራ ምን ላድርግ? የሜሪላንዱ ዓይነት ሕግ ለኛስ አያስፈልገንም ወይ?»

ይህን ደብዳቤ ያነበብሁት ሥራ ቦታ ተቀምጬ ነው። የቤቴ መስኮቶች ሁሉ ፍርግርግ አላቸው። የጓሮው በር ቁልፍ ደግሞ በዚያች ሰዓት በቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ልጄና ሞግዚቷ እቤት ናቸው። ስለዚህ መልሱን የምጽፈው ለእኅታችን ብቻ ሳይሆን ለራሴም ጭምር ነው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

በሌላው ዓለም ስፕሪንክለር የሚባለው አውቶማቲክ ውሃ ረጪ አሠራሩ ቀላል ነው። ከኮርኒሱ ብቅ ያለች፣ አውራ ጣት የምታክል የብረት አፍ ናት። ከበስተኋላዋ ሁልጊዜ ውሃ የሞላው ቧንቧ አለ። አፏ የተደፈነው ፈሳሽ ባለባት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ከሥሯ እሳት ተነሥቶ ሙቀቱ በአብዛኛው 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ፈሳሹ ይነፋና ብልቃጧን ይሰብራታል፤ ውሃውም ይረጫል። ሰው እንዲነቃ፣ ስልክ እንዲደወል፣ ቁልፍ እንዲፈለግ አትጠብቅም። ተኝቶ ላለ ሕፃን ትርጉሙ ይህ ነው።

በፊልም እንደምናየው ሁሉም አፎች ባንድ ጊዜ አይከፈቱም። ሙቀቱ የደረሰባት ብቻ ትከፈታለች። የወጥ ማቁላላት ጭስም አያስነሣትም፤ የምታውቀው ሙቀትን ነው። ብዙ ጊዜ አንዷ ወይም ሁለቷ እሳቱን ይዘው ያቆዩታል። በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ይህ መሣሪያ በተገጠመላቸው ቤቶች በእሳት የሚሞተው ሰው መጠን ካልተገጠመላቸው ጋር ሲነጻጸር ከ80 በመቶ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

መሣሪያው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1874 ሄንሪ ፓርሚሊ የተባለ አሜሪካዊ የፒያኖ ፋብሪካውን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ብሎ ሠራው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ያህል ፋብሪካና መጋዘን ሲጠብቅ ኖረ። ዕቃው ቀድሞ ዳነ ማለት ነው፤ እናትና ልጅ የሚተኙበት ቤት የታሰበበት ዘግይቶ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ደረጃ በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በ1978 በካሊፎርኒያ የምትገኘው ሳን ክሌሜንቴ ከተማ ለአዳዲስ ቤቶች ግዴታ አደረገችው። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ መላው ካሊፎርኒያ ተከተለ። በብሪታኒያ ዌልስ ከጥር 2016 ወዲህ አዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ ይህ እንዲኖረው ሕግ ታዟል። ሕጉን ለምክር ቤቱ ያቀረቡት ቀደም ሲል በእሳት አደጋ አገልግሎት የሠሩ አን ጆንስ የተባሉ ሴት ናቸው። የተቃጠለ ቤት ደጃፍ የሚደርሰውን ጥሪ የሚያውቅ ሰው ሕግ ለማውጣት ሲነሣ ምን እንደሚያስቀድም ያሳያል።

ተቃዋሚ አልጠፋም። ቤት ሠሪ ኩባንያዎች «ዋጋ ይጨምራል» እያሉ በመከራከራቸው ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግዴታ ሳያደርጉት ቀርተዋል። በለንደን ግሬንፌል በተባለው ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት በአንድ ማድቤት ከነበረ ማቀዝቀዣ የተነሣው እሳት ሕንፃው በተለበሰው ተቀጣጣይ ሽፋን ላይ ወጥቶ 72 ሰዎችን ገደለ። በዚያ ሕንፃ ውሃ ረጪ አልነበረም። ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ወገኖቻችን ይገኙበታል። ጥፋቱ የብዙ ስሕተት ድምር ቢሆንም፣ ከሁሉ በላይ የሚቆጨው ሕንፃው ሲታደስ ቅድሚያ የተሰጠው ለውጭው ገጽታ መሆኑ ነው። የኛም ሴራሚክ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

የኛ እሳት ከየት ይመጣል?

የመቅደላ አገር ሰው እሳትን በታሪክም ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ለቅቆ ከመውጣቱ በፊት፣ ሚያዝያ 10 ቀን፣ በእሳት ለቀቀው። የሣር ክዳን ቤቶች ተያይዘው ነደዱ። ያ ጠላት የለኮሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን አብዛኛው የገዛ ምድጃችን እሳት ነው። የሣር ጎጆ ባለበት ደጋ አንዲት ፍንጣሪ ከነፋስ ጋር ከተገናኘች ክምሩን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች።

ቆርቆሮ ሲመጣ «ከእሳት ተገላገልን» አልን። እውነት ነው፣ ፍንጣሪ በቆርቆሮ ላይ አይነድም። ነገር ግን እሳቱን ወደ ውስጥ አስገባነው። የከተማ ቤቶቻችንን እስቲ ቀና ብለን እንያቸው። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም ፕላስቲክ ሸራ ነው። ግድግዳው በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ምናልባትም ይኸው የኛ ጋዜጣ ይሆናል። ፍራሹና ሶፋው ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ ከነበልባሉ ቀድሞ ይገድላል። በቤት እሳት የሚሞት ብዙ ሰው ሳይቃጠል የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። የእንጀራ ምጣድ እስከ 4 ሺህ ዋት ይስባል። ይህ 10 ዋት የሚወስዱ 400 አምፖሎችን ባንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ምጣድ ስንሰካ ሽቦው ከኮርኒሱ በላይ፣ ዓይናችን በማያየው ቦታ ይግላል። ልባሱ ይቀልጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ያ የማዳበሪያ ከረጢት አለ። መብራት ሲጠፋ ሻማና ኩራዝ ይወጣሉ፤ እነርሱም በመጋረጃና በአልጋ አጠገብ ይቀመጣሉ።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሣ የእሳት አደጋ መኪናዎች እያሉ የመተላለፊያው መጥበብ ሥራቸውን ከባድ አደረገው። ይህ በዋና ከተማው፣ 939 ደውሎ ሰው በሚያገኝበት ቦታ ነው። ለመካነ ሰላም ከደሴ ይምጣ ቢባል ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የተራራ መንገድ ነው። አንድ ክፍል ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይነዳል። ስለዚህ የሚያድነን ቀድሞ በቤቱ ውስጥ የተሠራው ነገር ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 180 ሺህ ያህል ሰዎች በቃጠሎ እንደሚሞቱ፣ አብዛኞቹም በድሃ አገሮች እንደሆኑ፣ ሴቶችም ከወንዶች በጥቂቱ እንደሚበዙ ይገምታል። ምክንያቱን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ምድጃው ዘንድ የምትውለው ማን እንደሆነች እናውቃለን።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ

እኅታችን፣ በአዲሱ ቤትዎ ስፕሪንክለር ይግጠሙ ወይ? ሒሳቡን አብረን እናስላው። አንዷ አፍ በደቂቃ 50 ሊትር ያህል ውሃ ትረጫለች። ሁለት አፎች ለ10 ደቂቃ ቢሠሩ 1 ሺህ ሊትር ነው። ይህም በብዙ ሰው ግቢ የምናየው ባለ አንድ ሺህ ሊትር ጥቁር ሮቶ ማለት ነው። እንደ ፈሩት የውሃው መጠን ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። አስቸጋሪው ግፊቱ ነው። ውሃው በጉልበት እንዲረጭ ታንከሩ ከአፉ ቢያንስ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ በቧንቧው ውስጥ የሚባክነው ኃይል ሲታከልበት ከዚያም በላይ ይፈለጋል። አለዚያ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ፓምፑ ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ታንከሩ ሁልጊዜ ሙሉ መሆን አለበት፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማን ያረጋግጣል? ስለዚህ ለአንድ ባለ ቆርቆሮ ቤት ዛሬ ግዴታ ይሁን ብንል ወረቀት ላይ የሚቀር ሕግ ነው የምናወጣው።

ነገር ግን «ለኛ አይሆንም» ብለን መዝጋትም ስሕተት ነው። በየከተማው ፎቅ እየተሠራ ነው። አፓርታማው፣ ሆቴሉ፣ የተማሪዎች መኝታው፣ ከሱቅ በላይ ያለው የሕፃናት መዋያ ሁሉ ጣራው ላይ ታንከር፣ ከሥሩ ፓምፕ አለው። እንዲህ ባለው ሕንፃ ውስጥ ውሃ ረጪ መግጠም ሕንፃው ሲሠራ ቀላል፣ ካለቀ በኋላ ግን ከባድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ በምድብ «ሀ»፣ ሕዝብ የሚገለገልበትና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ደግሞ በምድብ «ሐ» ነበር የተመደበው። ይህ አከፋፈል ለጥያቄው ጥሩ መነሻ ይሰጠናል። ብዙ ቤተሰብ ተደራርቦ የሚተኛበት አዲስ ሕንፃ ያለ ውሃ ረጪ ፕላኑ ባይጸድቅ ተገቢ ነው። ለትንሹ ቤት ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ስለ ወሰንና ስለ መጸዳጃ እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ «ሁለተኛው መውጫ የቱ ነው? የምጣዱ መስመር ብቻውን ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

እስከዚያው ድረስ እርስዎ ቤቱ ሳያልቅ ሊያደርጉት የሚችሉትን በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ሁለተኛ በር ይክፈቱ። ከሁሉ በፊት ይህን። የፊተኛው በር በእሳት ቢያዝ የኋላው ይኑር። ከመኝታ ክፍሉ መስኮቶች ቢያንስ የአንዱ ፍርግርግ እንደ በር በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን። ብረት ሠሪው ፍርግርጉን ሳይበይድ ቢነግሩት ተጨማሪው ዋጋ የማጠፊያና የመሸጎሪያ ነው። ቁልፍ የሚያስፈልገው ከሆነ ከመስኮቱ የሌባ እጅ በማይደርስበት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ግን በጨለማ ዳብሶ በሚያገኘው ምስማር ላይ ይንጠልጠል።

ሁለተኛ፣ ማድቤቱ ከመኝታው ይራቅ። ኩበትና እንጨት የሚነድበት ከሆነ ብቻውን ቆሞ በመካከሉ ክፍት ቦታ ይኑር። ቡታጋዝ የሚጠቀሙ ከሆነ ሲሊንደሩ ከውጭ ሆኖ ቱቦው በግድግዳው ይግባ። ቱቦው ማፍሰሱን በሳሙና አረፋ እንጂ ፈጽሞ በክብሪት አይፈትሹ።

ሦስተኛ፣ የምጣዱ መስመር ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው በወፍራም ሽቦ ይዘርጋ፤ የራሱ ብሬከርም ይኑረው። ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ሽቦ ሊበቃ ይችላል፤ ለምጣድ ግን 4 ካሬ ይጠይቁ። ሽቦው ከኮርኒስ በላይ የሚቀበር ስለሆነ ኮርኒሱ ሳይመታ ዓይንዎ ይየው።

አራተኛ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ቢሆን ይመረጣል። ጂፕሰም በውስጡ የያዘው ውሃ ስላለ እሳትን ለተወሰነ ጊዜ ይመክታል። አቅም ካልፈቀደ ከረጢት ከመወጠር ለጊዜው ባዶውን መተው ይሻላል። ግድግዳውም በጋዜጣ ፈንታ በጭቃና በኖራ ይለሰን።

አምስተኛ፣ የሜሪላንዷ እኅትዎ በሚቀጥለው ሰው ሽቶና ጫማ ከምትልክ በባትሪ የሚሠራ የጭስ ጠቋሚ ትላክ። አንድ ለመኝታ ክፍል፣ አንድ ለሳሎን። ዋጋው ከአንድ ጫማ አይበልጥም። ሌሊት ጭስ ሲሸተው ጮኾ ይቀሰቅሳል። ባትሪውን በየወሩ ቁልፉን ተጭነው ይሞክሩት።

ስድስተኛ፣ በደጅ የሞላ በርሜልና ባልዲ፣ በማድቤቱ በር አንድ ቆርቆሮ አሸዋ ይቀመጥ። የጋለ ዘይት ሲነድ ውሃ አይደፋበትም፤ ይፈነዳል። በክዳን አፍነው ምድጃውን ያጥፉ። ሰው ከተቃጠለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያብርዱና ወደ ሐኪም ይውሰዱ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና መቀባት ጉዳትን ማባባስ ነው። ከሰልም ቢሆን በተዘጋ ክፍል አይደር፤ ሳያቃጥል ሽታ አልባ ጋዙ ይገድላል።

ሰባተኛውና የመጨረሻው በግንብ የሚሠራ አይደለም። ያቺ እናት ልጇን የቆለፈችው ጭካኔ ኖሯት ሳይሆን የምትተውለት ሰው ስላጣች ነው። ገበያው አይቀርም፣ ውሃው አይቀርም፣ ሥራውም አይቀርም። ለሞት ዕድር አለን፤ ለገንዘብ ዕቁብ አለን። የአምስት የስድስት ቤት እናቶች በገበያ ቀን ተራ ገብተን ልጆቻችንን አንዲት ዘንድ ማዋል ለምን ያቅተናል? በቀብሩ ላይ ተያይተው ዝም ያሉት እናቶች በሚቀጥለው ዕድር ይህን ቢያነሡት፣ ስፕሪንክለር እስኪመጣ ድረስ ከእርሱ የማይተናነስ ነገር ሠሩ ማለት ነው። ቆልፎ መውጣት የግድ በሆነበት ቀን እንኳ ቁልፉ በመቀነት ታስሮ ገበያ ከሚወርድ ጎረቤት እጅ ይቅር።

እንግዲህ እኅታችን፣ ከባለቤትዎ ጋር ለጀመሩት ክርክር የኛ አስተያየት ይህ ነው። ሴራሚኩ ይቆይ። ሲሚንቶው ወለል ላይ ልጆችዎ ይቦርቁበት። በዚያ ገንዘብ የኋላውን በር ያስከፍቱ፣ ፍርግርጉን ያስተካክሉ፣ የምጣዱን ሽቦ ያስዘርጉ። ለእንግዳ የሚታይ ነገር አይሆንም፤ አባት ግን ልጆቹ ተኝተው ሲያይ ይገባዋል።

እኔም የጓሮውን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ በምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለሞግዚቷም አሳይቻታለሁ። እናንተስ፣ ውድ አንባቢያን፣ የእናንተ ቁልፍ አሁን የት ነው? በየሰፈራችሁ የሞከራችሁትን፣ የተሳካላችሁንም ያቃታችሁንም ጻፉልን፤ በዚሁ ዓምድ ለሌሎች እናካፍላለን። ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።